ሳቅ በቶከን

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኖ ውጤት የሚጠብቅ ልጅ ጅማ ውስጥ በክረምት ያለው ሥራ አንድ ነው፤ ዝናብ ማየት። መንደራ ቆጪ ላይ ዝናቡ ጠዋት ይጀምራል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ትንሽ ያርፋል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጠዋት ሳይመታው ያለፈ ቆርቆሮ ትዝ እያለው ይመለሳል። ጊዜው 2015 ነው፣ ሐምሌ መጨረሻ። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ሁለተኛ ዙሩ መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ዙር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ የሰፈራችን ጉልት ቸርቻሪ ሳትቀር ታውቃለች። ስለዚህ «ፈተና እንዴት ነበር?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም «አሁን ምን ልትሠራ አሰብክ?» ነው የሚለኝ፤ ያውም ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ምን ልሠራ? የጅማ ነገር ግራ ነው። በሀገሩ ሞልቶ የተረፈው ሥራ የቡና ሥራ ነው፤ ቡና ደግሞ የሚቀላው ከመስከረም ማለቂያ ወዲህ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ አጋሮም በሉት፣ ጎማም፣ ሊሙም፣ ማናም፣ ጌራም እጅ ያለው ሁሉ ይፈለጋል። ያን ጊዜ ትምህርት ተከፍቷል። መምህሩ ስም ሲጠራ የክፍሉ ግማሽ ዛፍ ሥር ነው። ክረምት ሲገባ ትምህርቱም ይዘጋል፣ ሥራውም አብሮ ይዘጋል። የትምህርት ካላንደሩን ያወጣው ሰው ቡና አይጠጣም ማለት ነው።

ማስታወቂያውን ያመጣው የሰፈሬ ልጅ ነው፤ ቴሌግራም ላይ አግኝቶ። «ለመዝናኛ ፓርክ የክረምት ሠራተኞች። ፈገግታ ያለው/ያላት። የትምህርት ደረጃ፦ 10ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ። የሥራ ቦታ፦ አዲስ አበባ።» ፈገግታው ከትምህርቱ ቀድሞ መጻፉን ልብ በሉልኝ፤ እኛ ያኔ ልብ አላልንም። እኛ የተከራከርነው የትኛው ፓርክ እንደሆነ ነው። እሱ መስከረም 29 ቀን 2012 የተከፈተው አንድነት ፓርክ ነው አለ፤ አንበሳ ሊያበላ አሰበ። እኔ በዓመቱ የተከተለው የእንጦጦው ነው አልኩ፤ ፈረስና በሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ መንሸራተት አለበት ሲባል ሰምቻለሁ። ሦስተኛው ጓደኛችን ደግሞ የቢሾፍቱው የውሃ መንሸራተቻ ካልሆነ አልሄድም ብሎ ዋና መለማመድ ጀመረ፤ የትም አልሄደም። በኋላ ሲታይ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። ሌላ ነው፤ ስሙን አልጠራም፤ ደመወዜን አጉድሎም ቢሆን ከፍሎኛል።

እኔ በማውቃት ጅማ ለመዝናኛ ትኬት አይቆረጥም። ዝናብ የሞላውን የአዌቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆሞ ማየት ነፃ ነው። ቦዬ ረግረግ ሄዶ ጉማሬ መጠበቅም ነፃ ነው፤ ጉማሬው ቢወጣም ባይወጣም መጠበቁ አይቀርም። ሐሙስ ሐሙስ የሂርማታ ገበያ አለ። ከዚያ ደግሞ ጅሬን። በየትምህርት ቤቱ ሰልፍ ሠርተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እንጎበኛለን፤ ከ1878 እስከ 1932 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ምን ያህል ረጅም እንደነበሩ ይነገረናል፤ እኛም የእንጨቱ በረንዳ ላይ ቆመን እጃችንን ወደ ላይ እየዘረጋን ቁመታቸውን እንለካለን። አስጎብኚው «አትንኩ!» ይላል። በሕይወቴ መጀመሪያ ያየሁት የመዝናኛ ሠራተኛ እሱ ነው። ያን ቀን ፊቱ ለምን እንደዚያ እንደደከመ አሁን ነው የሚገባኝ።

ማመልከቻ ሲቪ ይጠይቃል። ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ያለ ጽሕፈት ቤት ገባሁ። ጸሐፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ስም?» አለ፤ ነገርኩት። «ስልክ?» ነገርኩት። «ሃምሳ ብር» አለ፤ አለቀ። ወረቀቱን ሳነበው የሒሳብ አያያዝ ምሩቅ ነኝ፤ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር እችላለሁ፤ ሦስተኛ ደረጃ መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ትርፍ ጊዜዬን መንፈሳዊ መጻሕፍት በማንበብ አሳልፋለሁ። «ይሄ የኔ አይደለም» ብለው «ያስገባልሃል» አለኝ። አስተካክል ብዬ ስለምነው መንጃ ፈቃዱን አጠፋና ፒችትሪውን ተወው፤ «ይሄ ማንንም አይጎዳም» ብሎ።

ሲቪው ግን ቀላሉ ነበር። የሚከብደው ዋስ ነው። ዋስ ማለት ደመወዝተኛ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የወር ገቢው ተጽፎ ማኅተም የተመታለት፣ ያንተን ጥፋት ሊከፍል የፈረመ ሰው ነው። እኛ ሰፈር ያለው ሰው ባጃጅ ነጂ ነው፣ አናጢ ነው፣ ሱቅ ያለው ነው፣ ቡና ነጋዴ ነው፤ ሁሉም ገንዘብ ያገኛል፣ ማኅተም የለውም። እናቴ መጋዘን ቡና ትለቅማለች፤ የሷን ደብዳቤ የሚጽፍ የለም። አጎቴ አዲስ አበባ፣ አየር ጤና ታክሲ ይነዳል፤ የሱ መሥሪያ ቤት መሪው ነው። በመጨረሻ ያስተማሩኝ ጎረቤታችን ጋሼ ጋ ሄድን። እናቴ ቡና አፍልታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ነገሩን ከሩቅ ጀመረች። ጋሼ ሦስተኛውን ስኒ እስኪጨርሱ አዳመጡና፣ «እሺ፣ ልጁ ምን ሰርቆ ቢጠፋ ነው እኔ የምጠራው? የእንጨት ፈረስ?» አሉ። ከዚያ ፈረሙ። ሲፈርሙ እጃቸው ትንሽ ቆም ማለቱን ግን አይቻለሁ። የመምህር ደመወዝ የፈረስ ዕዳ አይችልም።

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰርቦን፣ አሰንዳቦን፣ ሰኮሩን አልፎ መንገዱ ወደ ጊቤ በረሃ ይወርድና ወደ ወልቂጤ ይወጣል። ወደ በረሃው ከመውረዱ በፊት የግልገል ጊቤ ግድብ ውሃ ተኝቶ ይታያል፤ 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል ብለው ክፍል ውስጥ አስጠንተውናል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ ያስፈልገኛል። እናቴ ለአጎቴ ቡና ልካለች። ቡና ያለ ፈቃድ በብዛት ይዞ መውጣት ስለማይቻል ኬላ ላይ ፍተሻ አለ፤ የኔ ግን ጥቂት ኪሎ ነች፣ ሹራብ ውስጥ የተጠቀለለች። ፈታሹ ሹራቡን አሸተተና «ለማን ነው?» አለኝ። «ለአጎቴ።» «አጎትህ ብቻውን ነው የሚጠጣው?» ሳቀና ለቀቀኝ። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ግን ከዚያ እስከ ወሊሶ ድረስ በቡና ምክንያት የተወረሱ ዘመዶቻቸውን ቆጠሩልኝ።

ቃለ መጠይቁ ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ። «ከየት ነህ?» «ከጅማ።» ሦስቱም በአንድ ላይ «ቡናስ?» አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ የጅማ ልጅ ሆኖ ባዶ እጅ መሄድ ድፍረት ነው። ከአጎቴ ድርሻ ቆንጥሬ ይዤ ነበርና አወጣሁ፤ ክፍሉ ሞቀ። «ከፍታ ትፈራለህ?» አሉኝ፤ የማንጎ ዛፍ ላይ ነው ያደግኩት አልኩ። «እስቲ ፈገግ በል።» ፈገግ አልኩ። «ትንሽ ቆይበት።» ቆየሁበት። ለረጅም ጊዜ ፈገግ ብሎ መቆየትን ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ጉንጭ ነው የሚያመው፣ ከዚያ አንገት፣ ከዚያ ነፍስ። «ፒችትሪ ትችላለህ?» ሲሉኝ ፈገግታው ላይ ስለነበርኩ መልስ አልሰጠሁም፤ ትሕትና መሰላቸው።

ተቀጠርኩ ማለት ግን አይቻልም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል፤ የክረምት ሥራ የሚባለው ነገር ሁሉ ከዚያ ያጥራል። ስለዚህ ሥራውን ሳልቀጠር ጀምሬ ሳልቀጠር ጨረስኩት። አብራኝ የምትሠራ የ17 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያው አዋጅ ከ18 ዓመት በታች ያለ ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይከለክላል። ይህን ለሱፐርቫይዘሩ ስትነግረው «ታዲያ ቀሪውን ሰዓት ተጫወቺ፤ መጫወቻ ቦታ አይደል እንዴ ያለሽው?» አላት። መልሱ ስላሳቀን ተሸነፍን።

መጀመሪያ የተመደብኩት የሚጋጩት መኪኖች ጋ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ስለ ሀገሬ ወንዶች ያወቅኩትን ቢጽፉት መጽሐፍ ይወጣዋል። ልጁን ይዞ የመጣ አባት ልጁን ከጎኑ ያስቀምጥና መሪውን ለራሱ ይይዛል። «ልጁ ይንዳ እንጂ ጋሼ» ስለው «ላሳየው ብዬ ነው» ይላል፤ ጊዜው እስኪያልቅ ያሳየዋል። ቀን ሙሉ ቀለበት መንገድ ላይ ላለመጋጨት ሲጠነቀቅ የዋለ ሰው እዚህ መጥቶ ለመጋጨት ይከፍላል። ደወሉ ሲጮህ ደግሞ ሁሉም አንድ ቃል ነው ያለው፤ «ትንሽ ጨምርልን።» ልጆች ይሉኛል፣ እናቶች ይሉኛል፣ ከባንክ በቀጥታ ከነክራቫታቸው የመጡ ሰዎች ይሉኛል። ደቂቃ ኪሴ ውስጥ ያለ ይመስል! መኪናውን የሚያቆመው ሰዓት ቆጣሪ ነው፤ እኔ ቶከን እሰበስባለሁ፣ ቀበቶ አስራለሁ፣ ፈገግ እላለሁ።

ቶከን ያልኩት ያ ክብ ፕላስቲክ ነው። ካሸሯ የሸጠችው ቁጥርና እኔ የሰበሰብኩት ቁጥር ማታ ካልገጠመ ልዩነቱ ከደመወዝ ይቆረጣል። ልጆች ደግሞ ቶከን ይወዳሉ። ይዘውት ወደ ቤት ይሄዳሉ፣ ይውጡታል፣ ሣር ውስጥ ይቀብሩታል። አንድ ሕፃን አላስረክብም ብሎ ሲያለቅስ ውሎ እናቱ «በቃ ይቅርብህ፣ አጎትዬ ይተውልሃል» አለችው። አጎትዬው እኔ ነኝ። ተውኩለት፤ ማታ ተቆረጠብኝ።

ቀጥሎ ወደ ትልቁ ጎማ ተዛወርኩ፤ ሠራተኞቹ «ዊሉ» ነው የምንለው። ወንበሮቹ ተንጠልጥለው ሽቅብ ይወጣሉ፣ ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ሌላ ጥበብ የለውም። የመጀመሪያውን ፌሪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በፈረንጆች 1893 ቺካጎ ላይ ያቆመው ነው፤ 80 ሜትር ቁመት፣ 36 ክፍል፣ በእያንዳንዱ ክፍል 60 ሰው። አባ ጅፋር ጅሬን ላይ ከነገሡ 15 ዓመታቸው ነበር። የኛው ግን ከፎቅ ቤት ብዙም አይበልጥም፤ ቢሆንም ጫፉ ላይ ሲደርስ ከተማው ሁሉ ይታያል፣ በስተሰሜን እንጦጦ ተጋድሞ።

እንቁጣጣሽ ደረሰ። የመዝናኛ ቦታ ሰው በዓል ሲመጣ ሆዱን ያመዋል። ፈረንጆቹም ከዚህ አላመለጡም። በፈረንጆች ጁላይ 17 ቀን 1955 ካሊፎርኒያ ላይ ዲዝኒላንድ ሲከፈት ሐሰተኛ ትኬት የያዘው ሰው ከተጋባዡ ጋር ተደባልቆ ጎረፈ፤ የቧንቧ ሠራተኞች አድማ ላይ ስለነበሩ የመጠጥ ውሃ አነሰ፤ ገና ያልደረቀው አስፋልት በሙቀቱ ለስልሶ የሴቶቹን ተረከዝ ያዘ። ያ ሁሉ ሆኖ ግን መብራት ጠፋባቸው ሲባል አልሰማሁም። የኛ ጠፋ።

ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዊሉ ሙሉ ነበር። ሙዚቃው መሃል ላይ ተቆረጠ፣ የሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች ቆሙ፣ ዊሉ አንድ ጊዜ ተንቋቋና ቆመ። መጀመሪያ ዝምታ ሆነ። ቀጥሎ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደኔ መጮህ ጀመረ። ሁለተኛው ወንበር ላይ ያለ ሰውዬ «ሥራ አስኪያጁን ጥራልኝ!» ይላል፤ ሥራ አስኪያጁ ቢመጣ በምን ወጥቶ ሊያናግረው ነው? ከፍ ብሎ አንድ ጎረምሳ አለ፤ ሲሳፈር እጮኛውን «አትፍሪ፣ እኔ አለሁ» ሲል ሰምቼው ነበር። አሁን ስልክ ደውሎ እናቱን «እማዬ፣ አየር ላይ ነኝ» እያለ ነው። ልጅቷ ወደ ሌላ በኩል ዞራ ከተማውን ታያለች።

ጫፉ ላይ አንዲት እናት ነበሩ። ለበዓል ከገጠር መጥተው የልጅ ልጆቻቸው ለምነው ያሳፈሯቸው፣ የሀገር ልብስ የለበሱ፣ መቋሚያቸውን ለኔ አደራ ሰጥተው የወጡ። የሞቱ ያህል ተጨነቅሁ። «እማማ! አይዞዎት! አሁን ይመጣል!» ብዬ ጮህኩ።

«ምኑ ልጄ?» አሉ።

«መብራቱ!»

«ይቆይ፣ ይቆይ። ያቻትና ማርያም፤ ውዳሴዬን አልጨረስኩም።»

ፊታቸውን ወደ እንጦጦ አዙረው ጸሎት ላይ ናቸው። ሰው ሁሉ ሲንጫጫ የሳቸው ወንበር ብቻ አይወዛወዝም።

ጄኔሬተር አለን፤ ናፍጣም አለው። ቁልፉ ግን የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ኪስ ውስጥ ነው፤ ኃላፊው ለበዓል ሰንዳፋ ሄዷል። ሲደወልለት በግ እያረደ ስለነበር አላነሳም። እዚያ ጎማ ሥር ቆሜ ያሰብኩት ያንን 184 ሜጋ ዋት ነው። ከቤቴ አጠገብ ያን ያህል መብራት ተኝቶ እኔ እዚህ ለአንድ ጎማ የሚሆን አጣሁ። የዊሉ ኦፕሬተር በመጨረሻ የሞተሩን ሽፋን ከፍቶ በእጅ የሚዞርበትን ብረት አወጣ። ሸሚዛችንን አውልቀን አራት ሆነን አዞርነው። አንድ ወንበር ይወርዳል፤ ይሰድበናል፤ ይሄዳል። ሌላ ይወርዳል። ጎረምሳው ሲወርድ እግሩ መሬት እንደረገጠ ፎቶ አንሱኝ አለ። እማማ ሲደርሱ «አለቀ እንዴ?» አሉ፤ ቅር ብሏቸው። መቋሚያቸውን ተቀብለው ግንባሬን ስመው መረቁኝ፤ ከዚያ ከመቀነታቸው ብር ፈትተው ሰጡኝ። በዚያ ሥራ ያገኘሁት ብቸኛ ጉርሻ ነው። የመጨረሻው ሰው መሬት ሲረግጥ መብራቱ መጣ፤ ሙዚቃውም ካቆመበት ቀጠለ።

ማታ የትኬት ገንዘብ የተመለሰላቸው ሰዎች ሒሳብ ተሠራ። ከማን ይቆረጥ የሚል ክርክር ተነሣ። መብራቱን ያጠፋነው እኛ እንዳልሆንን ሱፐርቫይዘሩ አመነ፤ ቢሆንም «በፈረቃችሁ ነው የሆነው» አለ። ያኔ ሲቪዬ ላይ ያለው ፒችትሪ ቢኖረኝ ኖሮ ሒሳቡን እከራከረው ነበር።

መስከረም 28 ቀን 2016 ውጤት ወጣ። ኔትወርኩ ተጨናንቆ ውጤት የሚታይበት ቴሌግራም አልከፈት ሲል ስልኬን አንድ እጄ ላይ ይዤ በሌላው ቀበቶ አስር ነበር። ያለፈው 3.2 በመቶ ነው። እኔ የቀረነው ውስጥ ነኝ፤ ብዙ ስለሆንን አላፈርንም። በኋላ ሪሚዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት ደረሰኝና ዩኒቨርሲቲ በዚያ በር ገባሁ። ያን ቀን ግን የመጨረሻውን ቶከን አስረክቤ፣ ለዩኒፎርም ተቆርጦ የተረፈውን ተቀብዬ፣ በአየር ጤና በኩል ወደ ሀገሬ ወጣሁ።

ጥቅምት ላይ አጋሮ አካባቢ እሸት ቡና ለቀምኩ። ጉንዳኑ ይነክሳል፣ ቅርንጫፉ ፊት ይገርፋል፣ ቅርጫቱ ወገብ ይሰብራል፤ በድካም ከዊሉ ጋር አይወዳደርም። ግን ማታ ይመዘናል፣ በኪሎ ይታሰባል፣ እዚያው በእጅ ይሰጣል። ዋስ አልጠየቁኝም። ፊቴን ማንም አላየውም፤ ቀኑን ሙሉ ተኮሳትሬ ብውል ኪሎው ያው ነው። ከሁለቱ ምረጥ ብትሉኝ ቡናውን እመርጣለሁ፤ በክረምት የሚቀላ ከተገኘ።

እንግዲህ በዓል ሲመጣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ እንዲህ ያለ ቦታ የምትሄዱ ሁሉ፣ ቶከኑን ከልጁ እጅ ተቀብላችሁ ራሳችሁ ስጡ። ቀበቶ እሰሩ ስትባሉ እሰሩ፤ «ትንሽ ጨምርልን» አትበሉ፤ ሠራተኛው ልጅ መጨመር አይችልም። መብራት ከጠፋ ሥራ አስኪያጅ አያወርዳችሁም፤ የሚያወርዳችሁ ያው የሰደባችሁት ልጅ ነው። እናንተ ባለቤቶቹ ደግሞ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ የጄኔሬተሩን ቁልፍ በበዓል ቀን ሥራ ላይ ለሚውለው ሰው ስጡት።